የውድነሽ በጣሙ ስለት

መምህራችን «ከፍቅር እስከ መቃብር አንድ ገጸ ባሕርይ መርጣችሁ ከመጽሐፉ ጭብጥ ጋር እያያዛችሁ ተንትኑ» ሲለን አብዛኛው ተማሪ ጉዱ ካሣን ያዘ። የቀረው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ተከፋፈለ፤ ፊታውራሪ መሸሻንም የመረጡ ነበሩ። እኔ ውድነሽ በጣሙን አልኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ዞር ብላ «እሷ እኮ መጀመሪያው ላይ ብቻ ነው ያለችው፤ ምን ብለሽ ገጽ ትሞያለሽ?» አለችኝ። ጽሑፉን አስረክቤያለሁ፤ ገጹም ሞልቶ ተርፏል። ለክፍል በሚቀርብ ጽሑፍ ውስጥ ያልገባልኝ ብዙ ስለነበረ እሱን እዚህ ልጻፈው።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ ሲሆን ታሪኩ የሚፈጸመው በአብዛኛው ጎጃም ውስጥ ነው። ማንኩሳ የሚኖሩ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ባልና ሚስት በዛብህ የሚባል ልጅ ይወልዳሉ። ልጁ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምሮ ዲማ ይደርሳል፤ እዚያ የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ይሆናል፤ ይዋደዳሉ። ፊታውራሪ ግን ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጥተው ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ እሷም ትከተለዋለች። የሚገናኙት እሱ ሊሞት ሲል ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ የሚባለው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ሁለት ወጣቶችን የባላባት ሥርዓት ቀጠፋቸው፤ ጉዱ ካሣ ደግሞ ያንን ሥርዓት በግልጽ የሚተች፣ ስለተቸም እንደ እብድ የሚቆጠር ሰው ነው። ይህ እውነት ነው። እኔም ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ግን ልክ ነው ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። ምክንያቱም ሐዲስ ዓለማየሁ ታሪኩን በፊታውራሪ ቤት አይጀምሩትም፤ በሰብለና በበዛብህ ፍቅርም አይጀምሩትም። ማንኩሳ ላይ፣ በቦጋለና በውድነሽ ትዳር ነው የሚጀምሩት። ያን ሁሉ ገጽ ለሁለት ባላገሮች የሰጡት ለማሟሟቂያ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ደራሲውን መናቅ ይመስለኛል።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ትምህርቴ ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ እንጦጦን ተሻግሬ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ፤ ማታ እዚያው ተሰልፌ እመለሳለሁ። መጽሐፉን ለዚህ ሥራ የደገምኩት አብዛኛውን በዚህ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ የጎጃም መንገድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የሚመጡት አውቶቡሶች፣ ጤፍ የጫኑት አይሱዙዎች ሁሉ በደጃችን ነው የሚያልፉት። ከጎጃም ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በሰላሌ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ከእንጦጦ በፊት የመጨረሻ የሚያየው ሜዳ ይኸው የኛ ሜዳ ነው። በዛብህ ከዲማ ሸሽቶ ሲመጣ ማንን እየፈራ ነው የመጣው? ፊታውራሪን ብቻ ነው? እኔ አይመስለኝም። እግሩ የታሰረው ዲማ ሳይደርስ፣ ገና በሕፃንነቱ፣ በእናቱ ቤት ነው።

ውድነሽን እንያት። ያገቧት ወንዶች እየሞቱባት አገሩ «ገፊ» የሚላት ሴት ናት። ገፊ የተባለች ሴት የሚደርስባትን ገጠር ያደገ ያውቀዋል። ማንም ፊት ለፊት አይሰድባትም፤ ግን የሚጠይቃት ይጠፋል፤ ያገባት ሰውም ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሰው የሚያየው እሷን ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቦጋለን አግብታ ልጅ ታገኛለች። ልጁ ደግሞ በሽተኛ ነው፤ እየዳነ ይታመማል። እንግዲህ እንደሷ ሆናችሁ አስቡት። የምትወዱት ሁሉ በእናንተ ምክንያት እንደሚሞት ሲነገራችሁ ኖራችኋል፤ አሁን ከሁሉም የበለጠ የምትወዱት በእጃችሁ ላይ እየተቃጠለ ነው። ምን ታደርጋላችሁ? ውድነሽ ያደረገችው ልጁን ከራሷ እጅ ማውጣት ነው። «የኔ ከሆነ ይሞታል፤ የእግዚአብሔር ከሆነ ይድናል» ብላ ያሰበች ይመስለኛል። ይህን በዚህ ቃል አትናገረውም፤ የኔ ንባብ ነው። ግን ገፊነቷንና ስለቷን ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ ካላነበብን ስለቱ የአንዲት አማኝ እናት ተራ ጸሎት ሆኖ ይቀራል። አይደለም። በፍርሃት የተከፈለ ዋጋ ነው። በዛብህ ከዳነ ሚስት ሳያገባ ዕድሜውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ትሳላለች።

ይህን ሐሳብ ከየት አመጣችው ብላችሁ እንደሆነ፣ ከሰማችው ነው። ኢያቄምና ሐና ልጃቸውን ማርያምን በሦስት ዓመቷ ለቤተ መቅደስ መስጠታቸው ታኅሣሥ 3 ቀን በበዓታ ይከበራል፤ በየዓመቱ ይተረካል። ሌላዋ ሐናም አለች፤ የነቢዩ የሳሙኤል እናት። መካን ሆና አልቅሳ፣ ልጅ ከሰጠኸኝ መልሼ ለአንተ እሰጠዋለሁ ብላ የተሳለች። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገች ሴት እነዚህን ታሪኮች ታውቃቸዋለች፤ ደራሲውም የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ስለነበሩ አንባቢያቸው እንደሚያውቃቸው ያውቁ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አገኘሁና ሌሊቱን ሲያስደስተኝ አደረ። መጽሐፈ ሳሙኤልን ከፍቼ እስከ ስምንተኛው ምዕራፍ ቀጠልኩ። ሳሙኤል ልጆች ነበሩት! ዮኤልና አብያ ይባላሉ። የሐና ስለት ልጇ ራሱን እንዳይላጭ እንጂ ሚስት እንዳያገባ የሚከለክል አልነበረም። ውድነሽ ከሐና የባሰ ስለት ነው የተሳለችው። ደግሞ ሳሙኤል በሌሊት ሲጠራ ራሱ ተነሥቶ «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» ብሎ መልሷል፤ ተጠርቶ፣ አፉን ከፍቶ እሺ ያለ ሰው ነው። በዛብህ ግን የተጠራበት ሌሊት የለም። የተሰጠበት ቀን ብቻ ነው ያለው። የመጽሐፉ ሐዘን ሁሉ በዚህ ልዩነት ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ያልተጠራ ሰው እንደተጠራ ሆኖ እንዲኖር ተፈርዶበታል።

ስለ ስለት ከመጽሐፍ ብቻ ማወቅ ስላልፈለግኩ ጎረቤታችንን እማማን ጠየቅኳቸው። የብቸና ሰው ናቸው፤ ልጅ እያሉ ነው ወደዚህ የመጡት። ፍቅር እስከ መቃብርን ያወቁት በሬዲዮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው። ድምፁን ዛሬም ያስታውሱታል፤ የፊታውራሪን አነጋገር ሲያሳዩኝ ትከሻቸውን ነፋ አድርገው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ልጃቸው ዐረብ አገር ሲሄድ ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተስለው ነበር፤ በሰላም ሲመለስ የካቲት 16 ይዘው ወጡ።

«እማማ፣ ሰው የተሳለ ሰው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«እንዴት ያለ ሰው?»

«እንደ ውድነሽ። ልጁን የተሳለ።»

ጥቂት አሰቡና «ልጄ፣ ሰው የሚሳለው ያለውን ነው። እኔ ለጃንጥላ የሚሆን ገንዘብ ነበረኝ። እሷ ምን ነበራት?» አሉኝ። ቀጥለውም «ስለት ደግሞ ዕዳ ነው። ዕዳው ግን የተሳለው ሰው እንጂ የልጁ አይደለም። እሷ የተሳለችውን እሱ ነው ሲከፍል የኖረው» አሉ።

ከዚህ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ ይህን የእማማን ቃል እየተከተልኩ ነው። እናት ተበድራ ልጅ የሚከፍለው ዕዳ። ይህን ይዤ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ስሄድ ሌላ ሰው ሆነው አገኘኋቸው። በመማሪያ መጻሕፍቶቻችን አቀራረብ ፊታውራሪ ጨቋኝ ባላባት ናቸው፤ ከዚህ ያለፈ አይባልላቸውም። ግን እሳቸውም አባት ናቸው፤ ልጃቸውን ይወዳሉ። እሳቸውም የልጃቸውን ትዳር ለሌላ አካል አስቀድመው ሰጥተዋል። ውድነሽ ለእግዚአብሔር፣ እሳቸው ለሞቱ አያት ቅድመ አያቶቻቸው። የዘሩ ክብር እንዳይወርድ ተብሎ ሰብለ ያለ ባል ዕድሜዋ ይሄዳል። እሷም እንደ በዛብህ ያልተበደረችውን ትከፍላለች። ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ የሚገናኙት አስተማሪና ተማሪ ወይም የባላገርና የባላባት ልጅ ብቻ ሆነው አይደለም። አንዱ በስለት፣ አንዷ በዘር፣ ሁለቱም «ለሌላ የተያዙ» ናቸው። አንዱ የሌላውን ብቸኝነት ቶሎ የሚያውቀው ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ውድነሽንና ፊታውራሪን አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ፊታውራሪ ሎሌ አላቸው፣ ጠመንጃ አላቸው፣ ከባላገሩ ላይ ከግብሩ በላይ መተያያ የሚባል እጅ መንሻ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ባላገሩ እምቢ ሲላቸው ሊወጉት ይዘምታሉ፤ የባላገሩ መሪ አበጀ በለውም ይማርካቸዋል። ያንን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ እዚህ ሚኒባስ ውስጥ ሳነበው አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ ምን እንደሚያስፈግገኝ ጠይቀውኝ ስነግራቸው እሳቸውም «አበጀ!» ብለው ሳቁ። ነገሩ ግን ይህ ነው፤ ፊታውራሪን መማረክ ይቻላል። ውድነሽን ማን ይማርካታል? በዛብህ በእናቱ ላይ አበጀ በለው ሊሆን አይችልም። የሚወጋው ጠላት የለውም፤ ያለው ስትጸልይለት ያደገች እናት ናት። ፊታውራሪ የሚያስሩት ሰው ቢያንስ መታሰሩን ያውቃል፤ በፍቅር የታሰረ ሰው ግን ገመዱን ሲፈታ ራሱን ከሃዲ አድርጎ ያየዋል። በዛብህ ወደ ሰብለ በቀረበ ቁጥር የሚከብደው ቅጣቱ ብቻ አይደለም፤ በደለኛነቱም ነው።

ጉዱ ካሣስ? እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች እኔም እወደዋለሁ። ኅብረተሰቡን በላይ በላዩ እንደተካበ የድንጋይ ሕንፃ አድርጎ ሲያስረዳ፣ ከታች ያለው ሁሉንም ተሸክሞ እንደሚኖርና ሕንፃው በጊዜው ካልታደሰ እንደሚፈርስ ሲናገር፣ ደራሲው ሊሉ የፈለጉት በዚያ አፍ እንደሚወጣ ግልጽ ነው። ግን ከታች ያለው ድንጋይ ለምን አይነቃነቅም? ከላይ ስለተጫነበት ብቻ ነው? የውድነሽ ታሪክ ለዚህ ሌላ መልስ ይሰጣል። ድንጋዩን ከጎኑ የሚይዘው ጭቃ አለ፤ ጭቃው የእናት ፍርሃትና ፍቅር ነው። ጉዱ ካሣ በአንደበቱ የሚናገረውን ውድነሽ በሕይወቷ ታሟላዋለች። ለዚህ ነው መጽሐፉን ከእሱ ንግግሮች ብቻ የሚተነትን ሰው ግማሹን አነበበ የምለው። ጭብጥ ገጸ ባሕርይ ከሚናገረው ይልቅ ሳያውቅ በሚያደርገው ውስጥ ይገኛል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ላይ ከመምህሬ ጋር ገና አልተስማማንም።

ዓመቶቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ደግሞ ይህ ይበልጥ ጎላብኝ። «መሬት ላራሹ» የሚለው የተማሪዎች ሰልፍ በ1957 ወጣ። መጽሐፉ በ1958 ታተመ። በ1960 የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት አመፁ፤ እንግዲህ አበጀ በለው ከመጽሐፍ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ ማለት ነው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀና የፊታውራሪ መሸሻ ዓይነት ሥልጣን በሕግ አበቃ። ጭብጡ ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን እማማ በሬዲዮ የሰሙት ከአዋጁ በኋላ ነው፤ በመሬት የሚገዛቸው ጌታ ሳይኖር አለቀሱለት። እኔ ደግሞ ባላባት የሚባል በዓይኔ ሳላይ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ግን የበዛብህን ጭንቀት ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ። ሰፈራችን ውስጥ ግንቡ ተጀምሮ ቆርቆሮ የሚጠብቅ ቤት አለ፤ ልጅቷ ቤይሩት ሆና ነው የምታስጨርሰው። እናቷ ክፉ ሰው አይደሉም። በየእሑዱ ቅዳሴ ላይ ስሟን እየጠሩ ያለቅሳሉ። ልጅቷ ስልክ ስትደውል «መቼ ትመጫለሽ?» ስላት «ቤቱ ሲያልቅ» ትለኛለች። ይህንን የትኛው አዋጅ ያነሣዋል?

መምህራችን ጽሑፌ ጠርዝ ላይ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጽፎልኛል፤ ውድነሽ ከትረካው ከወጣች በኋላ እንዴት ገጸ ባሕርይ ሆና ትቀጥላለች? ንዑስ ገጸ ባሕርይ ድርጊት ከሌላት በጭብጡ ላይ ምን ሥልጣን አላት? ለዚህ መልሴ አተራረኩ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የመረጡት ሁሉን አወቅ ተራኪ ነው፤ ተራኪው በሰው ልብ ውስጥ ይገባል፤ በበዛብህ ልብ ውስጥ በገባ ጊዜ ደግሞ ስለቱን እዚያው ተቀምጦ ያገኘዋል። ውድነሽ መድረክ ላይ ባትኖርም ቃሏ አለ። ብዙ የሚናገሩ ገጸ ባሕርያት ያሉበት መጽሐፍ ነው፤ የማንም ቃል ግን የሷን ያህል ሩቅ አልሄደም። ጉዱ ካሣ የመከረው በዛብህን ሊያሳምነው ይችላል፤ ውድነሽ የተሳለችው ግን ሳያሳምነውም ያዘው።

ይህን ሁሉ ይዤ የመጨረሻውን ክፍል ስደግም ነው ከዚህ በፊት ያላየሁትን ያየሁት። ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው። ያን ጊዜ ልብሱ መደበቂያ ነው፤ መንገድ ላይ ማንም እንዳይነካት። በዛብህ ከሞተ በኋላ ግን እውነተኛ መነኩሲት ትሆናለች፤ ዕድሜዋን በመቃብሩ አጠገብ ትጨርሳለች። ሴት ሆኖ ያለ ትዳር፣ በጸሎት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ። ይህ ሕይወት የማን ነበር? ውድነሽ ማንኩሳ ላይ ለታመመ ሕፃን የተሳለችው ሕይወት ነው። በዛብህ ሊከፍለው ያልቻለውን፣ ሰብለ የምትባል ሴት በዓለም መኖሯን እንኳ ውድነሽ ባላወቀችበት ጊዜ የተገባውን ቃል፣ በመጨረሻ የከፈለችው ሰብለ ናት።

ጓደኛዬ በዚህ አትስማማም። ከክፍል ወጥተን እስከ ታክሲው ድረስ ተከራከርን። «ሰብለ የመነኮሰችው ስለወደደችው ነው እንጂ የማንንም ዕዳ ለመክፈል አይደለም፤ አንቺ ፍቅሯን እየወሰድሽባት ነው» ትለኛለች። ክርክሯ ከባድ ነው፤ ሰብለ ለራሷ የሚታያት እንደዚያ መሆኑንም አልክድም። በዛብህ ያልነበረው ምርጫ እሷ እንደነበራትም እቀበላለሁ፤ ማንም አልሰጣትም፣ ራሷ ናት የሄደችው። ግን ደራሲው ሌላ ፍጻሜ ሊሰጧት ይችሉ ነበር። በሐዘን እዚያው ልትሞት ትችል ነበር። ወደ እናቷ ወደ ጥሩአይነት ዘመዶች ልትመለስ ትችል ነበር። አዲስ አበባ ገብታ፣ በዛብህ ባስተማራት ፊደል ሌላ ኑሮ ልትጀምር ትችል ነበር። ከዚህ ሁሉ መካከል ሐዲስ ዓለማየሁ መርጠው የሰጧት በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ለበዛብህ የተወሰነለትን ያንኑ ኑሮ ነው።